ማነው የሚጠራው?

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አለ። ደመወዝ ሲከፈል ከሰው ጋር ይሰለፋል፣ ስብሰባ ሲጠራ ከሰው ጋር ይቀመጣል፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ግን ከሰው ተለይቶ ሌላ ጥያቄ ይመልሳል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶለት በመስኮት የሚገባ ዓይነት ሰው ነው። መንግሥት ሠራተኛ ሲመድብ ለየመሥሪያ ቤቱ አንዳንድ እያደለ ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለት የደረሰው መሥሪያ ቤት እስካሁን አልተሰማም፣ ቢኖርም ተዘግቷል። እናንተም ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ይኖራል። የለም ካላችሁ ራሳችሁን ጠርጥሩ።

ከወገዳ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ገደል አፋፍ ላይ ለተሠራው ጤና ጣቢያ የደረሰው፣ ሰዎች ለፌዝ «ክቡር» የሚሉት ላቀው ነበር። በሙያው ፋርማሲስት ነው። አዋላጅ ነርሷ ትርሲት ተመድባ በመጣች በመጀመሪያው ቀን ወደ ፋርማሲው መስኮት ሄዳ «ጋሽ ላቀው፣ ጓንት ስንት ካርቶን አለ?» ብላ ጠየቀችው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና በሐዘኔታ ተመለከታት።

«ጥያቄው እሱ አይደለም» አላት። «ጥያቄው ስንት እጅ አለ ነው።»

ጓንቱን ያገኘችው በማግስቱ ነው።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ዳንኤል ደግሞ ቀጥ ያለ ሰው ነው። ሥልጠና በተላከ ቁጥር የችግር ዛፍ አሣሣል ተምሮ ይመለሳል፤ ችግሩ ግንዱ ላይ፣ መንስኤው ሥሩ ላይ፣ መፍትሔው ቅርንጫፉ ላይ። ከብቶች አጥር እየጣሱ ግቢ ሲገቡ አጥር የሚያጠናክር ኮሚቴ አቋቋመ። ላቀው እጁን አወጣ። «ጥያቄው አጥሩ አይደለም። ጥያቄው ከብቶቹ ምን ፈልገው መጡ ነው።» የፈለጉት ሣሩን ነበር። እናም ሣሩ እየታጨደ ከበሩ ውጭ እንዲቀርብላቸው አስወሰነ። አጥሩ በእርግጥ ተረፈ። ነገር ግን ሳምንት ሳይሞላ የቀበሌው ከብት በሙሉ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ተሰልፎ ይጠብቅ ጀመር፣ ታካሚውም በቀንድ መሀል እየተሽሎከለከ መግባት ግድ ሆነበት።

ዳገቱ አልወጣ ያለውን ባጃጅ ፊቱን አዙሮ ወደ ኋላ እንዲወጣ የመከረውም እሱ ነው። ባጃጁ ወጣ። ሾፌሩ ግን ነገሩ ጥሞት ሜዳውንም ወደ ኋላ ይነዳ ገባ፤ አንገቱ ዞሮ አልመለስ ሲለው የመጣው እዚያው የላቀው መስኮት ላይ ነው። «ጋሼ፣ ምን ልውሰድ?» ሲለው ላቀው ምን እንዳለው መገመት አያቅታችሁም።

ትርሲት ይህን ሰው አትወደውም ነበር። እሷ የተማረችው ምጥ ሲመጣ ቀጥሎ ምን፣ ከዚያስ ምን የሚለውን ነው። አንዱን ደረጃ የዘለለ ሰው እናት ይገድላል። ላቀው ደግሞ ደረጃ የሚባል ነገር አይቶ የሚያውቅ አይመስልም።

ሐምሌ ሲገባ ግን በከብትም በባጃጅም የማይመሰል ነገር መጣ።

ከግቢው ጫፍ፣ ገደሉ አፍ ላይ የእናቶች ማቆያ አለ። መንገድ የሚርቅባቸው፣ ወንዝ የሚሞላባቸው ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው የሚያርፉበት ባለ አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ ማታ ማታ ቤቱን እስከ ጣሪያው ይውጠዋል። በዚያ ጉም ውስጥ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ድምፅ መጣ።

«የኔ ነሽ…»

አይጮህም፣ አይቆጣም። ብቻ ይጎትታል። መጀመሪያ የሰማችው አንዲት የመጀመሪያ ልጇን የያዘች እርጉዝ ናት፤ ከተኛችበት ግድግዳ ሥር ሆኖ እሷን እንደተናገራት ማለች። በማግስቱ ጎኗ ያለችው ሰማች፣ እሷም እሷን እንደተናገራት ማለች። ነፍሰ ጡርን በጉም ውስጥ «የኔ ነሽ» የሚላት ምን እንደሆነ ለመገመት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። በዚያ አገር ልጅ አፉን ሲፈታ ጀምሮ የሚነገረው ነገር አለ፤ በምሽት የማታየው ነገር ሲጠራህ አቤት አትበል። አንዳቸውም አቤት አላሉም። ጓዛቸውን እየጠቀለሉ ተራ በተራ ወጡ።

ትርሲት ለመነቻቸው፣ ተቆጣቻቸው፣ በመጨረሻ ነገሩ ወሬ መሆኑን ላሳያቸው ብላ አንድ ምሽት አብራቸው ተቀመጠች። ድምፁ መጣ። «የኔ ነሽ» አላት፣ ከወለሉ ሥር። ትርሲት ባል የላትም፤ እናቷም እንደዚያ ብላ ጠርታት አታውቅም። እስኪነጋ መብራቱን ሳታጠፋ አደረች። ከዚያ ወዲህ ማንንም መቆጣት ተወች።

ማንጠግቦሽ ብቻ ቀረች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ቤቷ አምጣ ሁለቱንም ልጆች ቀብራለች፤ በሁለተኛው ራሷም የተረፈችው ለጥቂት ነው። የአሁኑ ፅንስ ደግሞ በመቀመጫው ነው የተቀመጠው። ቤቷ በእስቴ በኩል ቁልቁለቱን ወርዶ፣ መኪና በማይደርስበት ነው። ይህች ሴት ቤቷ ከተመለሰች ምን እንደሚሆን ትርሲት ታውቃለች፣ ማንጠግቦሽም ታውቃለች።

«እህቴ፣ ቤቴ ብሞት የሚወስደኝ እግዚአብሔር ነው» አለቻት። «እዚህ የሚወስደኝ ማን እንደሆነ አላውቅም። እሑድ ባሌ በቅሎ ይዞ ይመጣል።»

ዳንኤል አስቸኳይ ስብሰባ ጠራና ሰሌዳው ላይ ዛፉን ሣለ። ችግር፦ ድምፅ። መንስኤ፦ ያልታወቀ። መፍትሔ፦ ማስወገድ። በዚሁ መሠረት መሪጌታ ምስጋናው መጥተው ቤቱን ጠበል ረጩ፤ ድምፁ በማግስቱ በሰዓቱ መጣ። ዘበኛው ካሴ ጠመንጃውን ይዞ አፋፉን አሰሰ፤ የሰው ዱካ የለም። ግድግዳው ሥር ተቆፈረ፤ አይጥ ተገኘ። በመጨረሻ ዳንኤል ራሱ ወደ ጉሙ ዞሮ፣ ግምገማ በሚመራበት ድምፅ «ማነው የሚጠራው?» ብሎ ጮኸ።  ጉሙ፣ ከበፊቱ ቀረብ ብሎ፣ «የኔ ነሽ…» አለ። ዳንኤል ያን ማታ ስልኩን እዚያው ጥሎ ነው የሄደው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ክቡርነታቸው ለዘመድ ለቅሶ ንፋስ መውጫ ሄደው ነበር። ቅዳሜ ሲመለሱ ሁሉም ተሰብስቦ ሰሌዳውን እያየ ነው። ከዛፉ ግርጌ ዳንኤል በትልቁ «ማነው የሚጠራው?» ብሎ ጽፏል።

ላቀው አነበበው። መነጽሩን ሰቀለ። «ጥያቄው እሱ…» ብሎ ጀመረ። ትርሲት የያዘችውን እስክሪብቶ ልትወረውርበት ምንም አልቀራትም። እሑድ ነገ ነው፤ በቅሎዋ ምናልባት አሁን እየተጫነች ነው።

«…እሱው ነው» ብሎ ጨረሰ።

እንዲህ ብሎ ስለማያውቅ ሁሉም ቀና አለ።

«ጥያቄውስ እሱው ነው። ግን አላልታችሁ ነው ያነበባችሁት። እስቲ 'ጠ'ን አጥብቃችሁ አንብቡት።»

በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ አንደኛ ክፍል እንደገባ ልጅ፣ አጥብቆ አነበበ። ማነው የሚጠራው።

«ጠሪውን ስትፈልጉ ከረማችሁ» አለ ላቀው። «ተጠሪዋስ ማን ናት?»

ትርሲት ቶሎ ገባት፣ መግባቱም አናደዳት። «የኔነሽ ስም ነው እያልከኝ ነው?»

«እኔ ምንም አላልኩም። እየጠየቅሁ ነው።»

«የኔነሽ የምትባል እናት አልመጣችም። ዘንድሮ አንድም የለችም፤ ሁሉንም የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ማስወገዱን ተዉትና አቤት እንበለው።»

መሪጌታ አማተቡ። ካሴ ወንበሩን ወደ በሩ አስጠጋ። ዳንኤል «አቤት የሚለውስ ማነው?» አለ፣ እሱ አለመሆኑን አስቀድሞ በሚያሳውቅ ድምፅ።

«እኔ ነኛ» አለ ላቀው። «ነሽ ነው ያለው፣ ነህ አላለም። በሰዋስው እኔን አይመለከተኝም።»

ያን ምሽት ትርሲት ከማንጠግቦሽ ጋር ማቆያው በር ላይ ቆመች፤ ዳንኤል፣ መሪጌታና ካሴ ከኋላቸው ናቸው። ላቀው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ጃንጥላ ይዞ አፋፉ ላይ ነው። ነፋስ አልነበረም፣ ጃንጥላው ግን ይንቀጠቀጣል። ሰዋስው እምብዛም እንዳላሳመነው ያወቀችው ያኔ ነው። ጉሙ ወጣ፣ እግሩን ሸፈነ፣ ወገቡን ሸፈነ።

«የኔ ነሽ…»

ላቀው ጉሮሮውን ጠረገ። «አቤት!»

 ከታች የወንዙ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ማንጠግቦሽ የትርሲትን ክንድ እስኪያማት ጨብጣለች። ከዚያ ጉሙ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ ተናገረ።

«አንተ ማነህ?»

ጃንጥላው ገደል ገባ። ካሴ ጠመንጃውን ታቅፎ ቁጭ አለ። ላቀው ግን፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ሌላ ጥያቄ መመለስ ከአጥንቱ ገብቷልና፣ ድምፁ እየተሰበረ መለሰ።

«ላቀው ከጤና ጣቢያው። እርስዎስ ማን ነዎት?»

«ይታይሽ ነኝ። የየኔነሽ እናት።»

«የት ሆነው ነው?»

«ከማዶ ነዋ! ከደጄ!»

በዚያ አገር ሰው ማዶ ለማዶ እየተጣራ በሬ ይዋዋሳል፣ ማኅበር ይጠራራል። ይህን የማያውቅ አንድም ሰው ግቢው ውስጥ አልነበረም። ጉሙ ማዶን ስለሸፈነ፣ ገደሉም ድምፁን ተቀብሎ ከወለል ሥር ስለሚያወጣው፣ ማዶ የሚባል ነገር መኖሩን ሁሉም ረሳው። ትርሲት እፎይ አለችና ራሷ ጮኸች። «እማማ፣ የኔነሽ የምትባል እኛ ዘንድ አልመጣችም!»

«አማቷ ብርቄ ነው የሚሏት!»

የትርሲት እፎይታ እዚያው ደረቷ ውስጥ በረደ። ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማት አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ እናት ያወጣችው ስም እናት ቤት ይቀራል። ብርቄን ታውቃታለች። ሰኔ ላይ በቃሬዛ መጣች፣ ደሟ አልቆም ሲል በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ተላከች፣ እዚያው አረፈች። ቀብሯም ባሏ አገር ሆነ። ለእናቷ መርዶ ወንዙ ሲጎድል ይነገራል መባሉን ሰምታለች፤ ከዚያ ወዲህ የሚሆነውን ዘመድ ያውቃል ብላ ትታዋለች።

ጉሙ እንደገና ተናገረ። «ልጄ ደህና ናት ወይ?»

አዎ ማለት ውሸት ነው። አይደለችም ማለት ደግሞ ብቻዋን ለቆመች እናት በምሽት ከገደል ማዶ መርዶ መጮህ ነው፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ገና አልተወለደም። ዳንኤል ወደ መሪጌታ ዞረ። መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። ቀጥታ የሚያስኬደው መንገድ በሁለቱም በኩል ገደል ነበር።

«ጥያቄው እሱ አይደለም፣ እማማ!» ብሎ ጮኸ ላቀው።

ትርሲት ዓይኗን ጨፈነች።

«ጥያቄው እርስዎ እራት በልተዋል ወይ ነው! እንጨትስ አለዎት? ቤት ውስጥ ሰው አለ?»

 «አልበላሁም» አለ ማዶ።

«ይህ ብርድ ባዶ ሆድ ይወዳል እንዴ? ገብተው አይበሉም? በማለዳስ ቤት ይሆናሉ?»

ድምፁ ሌላ ምንም አልጠየቀም።

ያንኑ ማታ ትርሲት፣ ላቀውና መሪጌታ ምስጋናው ከብርቄ ባል ቤተሰብ አንድ ሽማግሌ ይዘው በሩቁ የመኪና ድልድይ ዞሩ፤ ማዶ ከሽማግሌው ዘመድ ቤት ጎናቸውን አሳርፈው ጎሕ ሲቀድ እማማ ይታይሽ ደጅ ደረሱ። እማማ ይታይሽ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ነጠላቸውን ለለቅሶ እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ ፊት አዙረው ለብሰዋል። ለካ «በማለዳ ቤት ይሆናሉ?» ማለት ለዚያ አገር ሰው ሁሉንም መንገር ነው።

ላቀው እንደ ልማዱ በጎን ሊገባ ሞከረ። «እማማ፣ የዘንድሮ ክረምት እንዴት…»

«ጥያቄው እሱ አይደለም ልጄ» አሉት።

ትርሲት በሌላ ቀን ቢሆን ሳቋን አትችለውም ነበር።

«መሞቷንማ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ሰላምታ ሲያሳጥርብኝ አወቅሁ። ድሮ ከብቱን፣ ቡቃያውን፣ ጎረቤቱን ጠይቆ የማይጨርሰው ሁሉ 'ደህና አደሩ' ብሎኝ ሮጦ ያልፋል።»

«ታዲያ ለምን ይጠሯታል?» አለች ትርሲት። እንባዋ ቀድሟት ነበር።

«ስጠራት አቤት ትለኝ ነበራ። ከብት ስታግድ አቤት፣ ውኃ ስትቀዳ አቤት። ሞት ልጅቱን ብቻ አልወሰደም፤ አቤቷንም ወሰደው። ሲመሽ ቤቱ ጭር ይልብኛል፣ ካለችበት እጠራታለሁ። እናንተ ሁላችሁ ዝም።» ወደ ላቀው ዞሩ። «ማታ ደህና ናት ብለህ ዋሽተኸኝ ቢሆን በሬን አልከፍትልህም ነበር።»

ክቡር ላቀው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠይቀው አጣ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ ጠረገ፣ መልሶም አላደረገው። ከዚያ ሁሉም ተቀምጠው አለቀሱ፤ ለየኔነሽ የሚገባትን ያህል።

እሑድ ሲመሻሽ ትርሲት ወደ ጤና ጣቢያው ስትመለስ በቅሎዋ በር ላይ ታስራለች። ማንጠግቦሽ ጓዟን ጠቅልላ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ባልየው ተነሺ ይላል፣ እሷ ጠብቅ ትላለች። ትርሲት እማማ ይታይሽ ያሉትን ነገረቻት።  ጉሙ ወጣ፣ ድምፁም መጣ።

«የኔነሽ…»

ማንጠግቦሽ ሆዷን ይዛ ተነሳች። እስከ አፋፉ ሄደች። «አቤት፣ እማ!» ብላ ጮኸች፣ እናቷ ከጎረቤት የጠራቻት ይመስል። ተመልሳም ባሏን «በቅሎውን ይዘህ ሂድ» አለችው።

ቀኗ ሲደርስ ፅንሱ በመቀመጫው መጣ። ትርሲት የተማረችውን ደረጃ አንዱንም ሳትዘልል ሠራች፣ ሴት ልጅ አለቀሰች። ደጅ የነበሩት ሴቶች እልል አሉ። ማዶ፣ ጉሙ ውስጥ፣ አንዲት አሮጊት ብቻዋን እልል ስትል ተሰማ።

እናቶቹ ወሬውን ሰምተው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ የማቆያው ደንብ ሆነ። ሲመሽ ከእናቶቹ አንዷ ትወጣና አቤት ትላለች። እማማ ይታይሽም ምን በላሽ፣ ወገብሽን አሞቂ ብለው ይመልሳሉ። አንዳንድ ማታ ሁሉም ወልደው ቤቱ ባዶ ይሆናል። እንዲህ ባለው ማታ ትርሲት ፋርማሲውን ቆልፎ ወደ አፋፉ የሚሮጥ ሰው ታያለች፤ ግርማ ሞገሱን ጥሎ፣ ድምፁን እንደ ልጃገረድ አቅጥኖ «አቤት!» ይላል። አንድ ቀን ማዶ እንዲህ ሲል ሰምታ ሆዷን ይዛ ስቃለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጉንፋን ይዞሃል?»

እማማ ይታይሽ በኅዳር ሚካኤል ማግስት አረፉ። ትርሲትና ላቀው ቀብሩ ላይ ነበሩ። ቤቱ ተዘጋ፣ ዶሮዎቹን የእህታቸው ልጅ ወሰደ።

ከቀብሩ በኋላ የማቆያው ቤት ባዶ በሆነ አንድ ምሽት፣ ትርሲት የታጠበ አንሶላ ከገመድ ላይ እያወረደች ነበር። ጉም የለም። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ማዶ ያለው ጎጆ ከነተዘጋ በሩ ይታያል፣ ጭስ የለውም።

«የኔ ነሽ…»

አንሶላው ከእጇ ወደቀ። ወደ አፋፉ ስትሮጥ ላቀው ቀድሟት ቆሟል። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው። የሚያየው የተዘጋውን በር ነው።

«ጋሽ ላቀው» አለች በሹክሹክታ። «ማነው የሚጠራው?»

አላልታ ነበር የጠየቀችው። ጥያቄው እሱ አይደለም እንዲላት ጠበቀች። ያን ዓረፍተ ነገር የዚያን ቀን ያህል ለመስማት ናፍቃ አታውቅም፤ እንዲህ የምትወደው ሰው መሆኑንም እስከዚያች ሰዓት አላወቀችም። ላቀው ግን መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደና፣ ተመድባ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ያልሰጣትን ቀጥተኛ መልስ ሰጣት።

«አላውቅም» አለ።

ድምፁ እንደገና መጣ። ስም ይሁን ሌላ፣ ትርሲት መለየት አልቻለችም። ወደ እሱ ተጠጋችና እጁን ያዘችው። ከዚያ ሁለቱም፣ እሱ ድምፁን ሳያቀጥን፣ አንድ ላይ «አቤት!» አሉ።